ስድስተኛዋ ነጥብ

ሰኞ

እታለም፣ ዛሬ ፋይላችንን ከፈትኩት። አትቆጪ። የይለፍ ቃሉን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ "ቢገርፉህ እንኳ እንዳትናገር" ብለሽ አስምለሽኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ ራስሽ ለግማሹ ክፍል ነገርሽው። ያንቺ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ኮምፒውተር ክፍል ጥግ ላይ ያለችውን፣ ስክሪኗ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ኮምፒውተርሽን ማንም አልነካትም። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ሁሉም እንደተውሽው ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የክሩ ርዝመት፣ ከሠላሳ ሴንቲሜትር ተነስቶ በየአሥሩ እየጨመረ። ቀጥሎ የፔንዱለሙ ሃያ ውዝዋዜ የፈጀው ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ የተለካ። ክሩን የምትለኪ አንቺ፣ ሰዓቱን የምይዝ እኔ። አምስት ረድፍ ሙሉ ነው። ስድስተኛው ላይ "80" ብለሽ ጽፈሽ ከአጠገቡ ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው።

ስበት ያልሽው አስተማሪያችንም እንዳለ ነው። የያዘው ሁሉ ይወድቅበታል፤ ዛሬ መጀመሪያ ጠመኔ፣ ከዚያ መነጽሩ፣ ከዚያ የስም መጥሪያው። እንዲህ ያለ ሰው ፊዚክስ አስተማሪ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ስም ሲጠራ ያንቺ ላይ ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገና ወደኔ ዘለለ። እኔ ግን "አቤት" ለማለት አንቺን ጠበቅኩ። 

ከትምህርት በኋላ አስቀረኝ። ሪፖርቱ የተርሙን ትልቅ ማርክ ይይዛል፤ ስድስት ርዝመት ተለክቶ፣ ግራፍ ተሠርቶ፣ የምድር ስበት ስንት እንደሆነ ከመስመሩ መውጣት አለበት። የሚሠራው ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከሬዲዮ ጋር ሆኜ ከሀ ብዬ እንድጀምር ፈለገ። ሬዲዮን ታውቂዋለሽ፤ መዝጊያ ቁልፍ የሌለው ልጅ ነው፣ ጥንዱ ትምህርት ቤት ቀይሮ ብቻውን ቀርቷል።

"የድሮውን ተወው" አለኝ ስበት። በደግነት ነው ያለው። 

"አልቋል ቲቸር" አልኩት። "ስድስቱንም ለክተናል።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ማክሰኞ

እማዬ ዛሬም አደረሰችኝ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ። መንገዱ ጋ ስንደርስ እጅጌዬን ትይዛለች። መኪና ባይኖርም ቆመን እንጠብቃለን፤ ምን እንደምንጠብቅ እንጃ። አንድ ሾፌር በትሕትና ቆሞ "እለፉ" ብሎ በእጁ አሳየን። እማዬ እሱ ካልሄደ አላልፍም አለች። እሱም ተናዶ ሄደ።

በሩ ላይ የቆሙት ልጆች፣ "ሞግዚትህ መጣች" አሉኝ። ድሮ ቢሆን አንቺ መልስ ነበረሽ። እኔ አልፌያቸው ገባሁ።

አንድ ነገር አሰብኩ። አንቺ አንደኛ ክፍል ስትገቢ በር ላይ ተንከባልዬ፣ ከሷ ጋር ካልሄድኩ ብዬ ስላለቀስኩ ነው እማዬ ሰልችቷት ከዕድሜዬ በፊት ከአንቺ ጋር ያስመዘገበችኝ። "ጅራቴ" ትይኝ ነበር። ያለ ሰው ትምህርት ቤት ሄጄ አላውቅም ማለት ነው። መጀመሪያ አንቺ፣ አሁን እማዬ።

ሐሙስ ማታ

ሠንጠረዡ ሞላ።

እንዴት እንደሆነ ልጽፈው ብዬ ነበር፤ ይቅር። ቀመሩ መጽሐፉ ላይ አለ። የክሩን ርዝመት ለሚያውቅ ሰው ጊዜውን ማውጣት የሁለት መስመር ስሌት ነው። ሠላሳ አምስት ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ። ሦስቱ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ያስታውቃል፤ ስለዚህ አንዷን ትንሽ ከፍ፣ አንዷን ትንሽ ዝቅ አደረግኳቸው። የሰው እጅ ይዘገያል፣ ይቸኩላል። ያንን የተማርኩት ካንቺ ጋር ስንለካ ነው።

አንቺ ብትደርሺ ኖሮ የምታገኚው ይህንኑ ነበር። ታዲያ ምን ልዩነት አለው?

የረድፉ መጨረሻ ላይ "የለካው ሰው" የሚል ሳጥን አለ። ከላይ ያሉት አምስቱ ያንቺ ስም ነው። ስምሽን ወደታች ጎተትኩት፣ ስድስተኛውም ሞላ።

አርብ

በጥድፊያ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ግራፉን ሠራሁ። የጊዜው ስኩዌር ወደላይ፣ ርዝመቱ ወደጎን። ስድስት ነጥቦች። "መስመር አስምር" የሚለውን ተጫንኩ፣ ሶፍትዌሩ ቀይ መስመር አወጣ። የመስመሩን ተዳፋት፣ ስሎፑን፣ ወስጄ የምድርን ስበት አሰላሁ። አሥር ነጥብ አራት።

ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነበር መሆን የነበረበት።

እንደገና። አሥር ነጥብ አራት።

ምድር ከመጽሐፉ በላይ እየሳበች ነው ማለት ነው። ሳቄ ሊመጣ ነበር። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ።

እሑድ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ ነበር። እማዬም እሷም በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ነው የሚሠሩት። አለቃቸው በእማዬ ማርፈድ ማጉረምረም እንደጀመረ ልትነግራት ነው የመጣችው፤ "ልጁ ጎርምሷል፣ ራሱን ያድርስ" ብሏል አሉ።  እኔ ክፍሌ ነኝ፤ መጋረጃ ደግሞ ድምፅ አይከለክልም።

ከዚያ ጎረቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለኔ ጀመረች። እንባ ጠብ አላለልኝም። ቀብርሽ ላይም፣ ከዚያም በኋላ። "እኔ እንኳን ባዳዋ ስንት ቀን አነባሁ፤ እሱ እቴ፣ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይውላል አሉ። የዘንድሮ ልጅ አንጀት የለውም።"

እማዬ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ብርጭቆ ስታጥብ ነው የሰማሁት። የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ስታጥብ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። አንጥፈሽው መውጣትሽ ይገርመኛል። አንቺ እኮ አልጋ አታነጥፊም።

ሰኞ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩት ይቀለኝ ይሆናል።

ስበት የየጥንዱን ግራፍ በየተራ ያያል። የሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፎ እኔ ጋ ሲደርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዷ ነጥብ ከመስመሩ ስንት እንደራቀች ለብቻ ያሳያል፤ እሱን ከፈተ። ከዚያ በእርሳሱ ጫፍ የመጨረሻዋን ነጥብ ነካ።

"ይቺ ማናት?" አለ። ስለ ሰው የሚጠይቅ ነው የመሰለው።

"ሰማንያዋ ናት ቲቸር።"

አምስቱ አንድ ላይ ናቸው አለኝ። ሁሉም መጽሐፉ ከሚለው በእኩል መጠን ከፍ ብለዋል፤ አንድ ያጠፋችሁት ነገር አለ፣ እሱን እንፈልገዋለን፣ ችግር የለም። ይቺ ግን ከወንድሞቿ ተለይታ ልክ መጽሐፉ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ክር፣ በአንድ ኳስ፣ በአንድ እጅ ተለክታ እንዴት ብቻዋን ልክ ትሆናለች?

"የተለካ ነገር እንዲህ አያምርም" አለ። "ማን ለካት?"

እታለም፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አልተናገርኩም።

"እሷ" አልኩ። "እሷ ናት የለካችው። ብቻዋን።"

ስበት መነጽሩን አወለቀ። ለብዙ ጊዜ ስክሪኑን አየ፤ "የለካው ሰው" የሚለው ላይ ስምሽን አነበበ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ይቺ ነጥብ ተፈጥራ ነው የገባችው። ቸኩላ ይሆናል። ልጅነት ነው።"

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ተነሳ። ምንም ነገር አልወደቀበትም።

ማክሰኞ

አልበላሁም። እማዬ ሆድህን አመመህ ወይ አለች። አዎ አልኩ።

ረቡዕ

የአስተማሪዎች ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። የደብተር ክምር ላደርስ ሄጄ ቆምኩ። ስበት ስላንቺ እያወራ ነው። ክፉ አልተናገረም። እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ እንኳ ቁጥር ፈጥራ ካስገባች ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ልጆቹን በማርክ አስጨነቅናቸው አለ። የሒሳብ አስተማሪዋ "እሷ? አላምንም" አለች። ሌላው "ሁሉም ያደርገዋል፣ እሷ ምን ልዩ ናት" አለ።

ምን ልዩ ናት።

ደብተሮቹን በር ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

አንቺ እኮ የእኔ እጅ ሰዓቱን ዘግይቶ ሲያቆም "ሰርዘው፣ እንደገና" የምትይ ነሽ። ርቦን፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ "እንደገና"። በንዴት ማን ያውቃል ስልሽ "እኛ እናውቃለና" ነበር ያልሽኝ።

ሐሙስ

ሬዲዮ ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያንቺ ወንበር ላይ። ተነስ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ጀመረ፤ አጎቱ ስለገዛው ሞተር ብስክሌት፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ስበት አዲስ ጫማ። ሳላስበው ተውኩት። ድምፅ ከጎኔ ከጠፋ ቆይቷል።

ከዚያ ድንገት ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። መስመሩ ወደታች ሲረዝም ዜሮ ላይ አይደርስም፤ ከዜሮ በላይ ነው የሚያልፈው።

"እሺ፣ ክሩ ዜሮ ሲሆን ምንድነው የሚወዛወዘው?" አለ። "የመንፈስ ፔንዱለም ነው?"

ዝም በል ልለው ነበር። ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩ አንድን ነጥብ ሳያጠፋ መደበቅ ይችላል። ሰማንያዋን ደበቅኳት። አምስቱ ብቻ ቀሩ፤ መስመሩ ተንቀሳቅሶ መሃል ለመሃል አለፈባቸው። ስሎፑን ወስጄ አሰላሁ።

ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።

ሬዲዮ አፏጨ። መስመሩ አሁንም ዜሮን አልነካም፤ ወደኋላ ስናስረዝመው የርዝመቱን መስመር ከዜሮ አራት ሴንቲሜትር ቀድሞ ቆረጠው። አራት ሴንቲሜትር ክር የት ሄደ? ቤተ ሙከራ ሄድን። ትንንሾቹ ኳሶች ጠፍተው፣ አንቺ ከመደርደሪያው ላይ ያወረድሻት ብርቱካን የምታክለው የብረት ኳስ አሁንም ክሯ ታስሮባታል። ሬዲዮ በሁለት መጽሐፍ መሃል አጣብቆ ለካት። ስምንት ሴንቲሜትር። ግማሿ አራት።

እስከ ኳሷ መሃል ነበር መለካት የነበረብን። አንቺ ከመስቀያው እስከ ቋጠሮው ለካሽ። ኳሷን ረሳሻት።

"እህትህ ተሳስታለች" አለ ሬዲዮ። ከዚያ ራሱን አከከ። "ግን አምስቱንም ጊዜ እኩል ነው የተሳሳተችው። እኔ ብሆን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ነበር። የሷ ንጹሕ ስህተት ነው።"

ንጹሕ ስህተት። ያንቺ አምስት ስህተቶች በአንድ ሰልፍ ቆመዋል፤ ከነሱ ውስጥ እውነቱ ተቆጥሮ ይወጣል። ከሰልፉ የወጣችው ትክክለኛዋ ናት። እኔ የጻፍኳት።

ሬዲዮ ይህን አላወቀም። "ያቺ ስድስተኛዋስ?" ሲለኝ ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ

ቤት ማንም የለም። ዝናብ ነው። እጽፈዋለሁ።

ያን ጠዋት ቤተ ሙከራው ነፃ የሚሆነው ከትምህርት በፊት ብቻ ነበር። አንቺ ለብሰሽ፣ ጫማሽን አስረሽ፣ መጋረጃውን ገልጠሽ እግሬን ጎተትሽው። "ተነስ ጅራቴ፣ ሰማንያዋ ቀርታናለች።" እኔ "ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ" አልኩ። "ሰዓቱን ማን ሊይዝልኝ ነው?" አልሽ። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። ከወዲያ በኩል እማዬ የሆነ ነገር አለችሽ፣ አልሰማሁትም። ከዚያ አልጋሽን ስታነጥፊ ሰማሁሽ። እየጠበቅሽኝ ነበር ማለት ነው። ጊዜ ስትገዢልኝ ነበር። ለዚህ ነው የተነጠፈው፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

እንቅልፍ አልነበረም። ነቅቼ ነበር። ሙቀቱን ነው ያልተውኩት።

በሩ ተዘጋ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መንገዱ ላይ የመኪና ጥሩምባና ጩኸት ሰማሁ። ሰው የተጣላ መስሎኝ ጆሮዬን በትራሱ ሸፈንኩ።

ረድፉን የሞላሁት ለሪፖርቱ ነው። ባዶ ከሆነ ስበት ከሬዲዮ ጋር ስለሚያደርገኝ ነው። ለሌላ አይደለም።

ዝናቡ ቆሟል። ስላንቺ እንዲያ እንዲሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሞተሽ እንኳ አንቺን አስቀድሜ ላኩሽ።

ሰኞ

ስበት ብቻውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገር መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፤ ስደርስ ግማሹ ጠፋኝ።

"ቲቸር፣ ሰማንያዋን አልለካቻትም" አልኩ። "ልትለካት ስትመጣ ነው።"

እጁ ቆመ።

"እኔ ነኝ ከቀመሩ አውጥቼ የጻፍኳት። ስሟንም እኔ ነኝ ያደረግኩት።"

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ሽቦውን አስቀመጠ፤ ሽቦው ተንከባሎ ወደቀ። አላነሳውም። ስጠይቅህ ለምን እሷ ናት አልክ አለኝ። አላውቅም አልኩት። "ታውቃለህ" አለ። "ግን ለኔ መንገር የለብህም።" ከዚያ ይህን ነገር ለሌሎቹ አስተማሪዎች ነግሬያቸው ነበር አለ። አፉ ላይ የቆሸሸ ነገር ያለበት ነው የሚመስለው።

"እኔ ሄጄ አስተካክላለሁ" አለ። "አንተም አብረኸኝ ትመጣለህ።"

አብሬው ሄድኩ። አምስት አስተማሪዎች ነበሩ። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ የቀረውን እኔ ነኝ የተናገርኩት። ድምፄ እንደሌላ ሰው ድምፅ ነበር። የሒሳብ አስተማሪዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ምን ልዩ ናት" ያለው ሰውዬ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ "አንተ ልጅ፣ ና ተቀመጥ" ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም።

ስንወጣ ስበት ኮሪደሩ ላይ ውሳኔውን ነገረኝ። ከኔ ማርክ ይቀንሳል።

"እሺ" አልኩ።

"ከሷ ግን አልቀንስም። የሷን አምስት ነጥቦች ለብቻ አርሜያቸዋለሁ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ አምስቱ ለማለፍ ይበቁሃል፤ ስድስተኛዋን ከፈለግክ ግን ረቡዕ ጠዋት ቤተ ሙከራው ነፃ ነው አለኝ። ከትምህርት በፊት።

ዛሬ ሰማንያዋን አጠፋኋት። ሶፍትዌሩ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሬዲዮ ለሚቀጥለው ሙከራ ጥንድ እንሁን ወይ አለኝ። የማትናገርበት ሰዓት ካለህ አልኩት። "ስተኛ" አለ። "እሱም እናቴ እንደምትለው አይደለም።" እሺ አልኩት።

ማክሰኞ

እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና የትምህርት ቤት ሱሪዬን ጫፍ እየፈታች ነበር። አጥሮኛል። ከጎኗ ተቀምጬ ነገ ማለዳ ብቻዬን እንድሄድ ጠየቅኳት። ቤተ ሙከራ፣ አንድ የቀረ ልኬት፣ ብዬ አስረዳኋት። እሷ ክሩን ትመዛለች።

"የቷ ናት የቀረችው?" አለች።

"ሰማንያዋ።"

መምዘዙን አቆመች። ታውቃታለች።

አደርስሃለሁ አለች፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ አልረብሽህም። አይሆንም እማዬ አልኳት፣ ሥራሽስ? ሥራዬን ተወው አለች። ተከራከርን። እኔ ድንገት ያልጠየቀችኝን ተናገርኩ፤ ያን ቀን ተኝቼ አልነበረም፣ ስትጠራኝ ነቅቼ ነበር።

ሱሪውን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። መልሳ ዘረጋችው።

"አውቃለሁ" አለች። "ደግማ ልትቀሰቅስህ መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር። 'ተይው፣ ይተኛ፣ ልጁ ደክሞታል' ያልኳት እኔ ነኝ።"

  ከዚያ መርፌዋን አንስታ የሱሪዬን ጫፍ እንደገና መስፋት ጀመረች፤ ስትጨርስ በጥርሷ ክሩን በጠሰችና ሰጠችኝ።

"ግራና ቀኝ" አለች። "ከዚያ ደግሞ ግራ።"

ረቡዕ

ስወጣ ነቅታ ነበር፤ ግን አልተነሳችም። ዳቦና ሻይ ጠረጴዛ ላይ በሰሐን ተከድኗል። ሻዩ ትኩስ ስለሆነ አሁን አፍልታ ተመልሳ እንደተኛች ገባኝ። ቆሜ ጠጣሁት። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ጎዳናው ገና አልነቃም ነበር። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ አንድ ሰው በረንዳውን ይጠርጋል፣ "በጠዋቱ ወዴት?" አለኝ። ለመለካት አልኩት። ምን እንደምለካ አልጠየቀም። መንገዱ ጋ ደረስኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ደግሜ ግራ አየሁ። አንድ አውቶቡስ እስኪያልፍ ቆምኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ መልሼ አወጣሁት። ተሻገርኩ። ወዲያኛው ጠርዝ ላይ ደርሼ ጥቂት ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ወደኋላ አላየሁም አልልም። አይቻለሁ። መንገድ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከፈተልኝና ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ። መብራቱን አብርቶልኝ ሄደ።

መስቀያውን አጠበቅኩ። ኳሷን ሰቀልኩ። ሜትሩን ዘርግቼ ከመስቀያው እስከ ቋጠሮው ሰማንያ ሴንቲሜትር ለካሁ። እስከ ቋጠሮው ብቻ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ ላይም እጽፈዋለሁ። ግን ያንቺ ረድፍ ውስጥ የምትገባ ነጥብ አንቺ እንደለካሽው ነው መለካት ያለባት፤ አለበለዚያ ከሰልፉ ትወጣለች።

ብቻ መሆን ያስቸግራል። ኳሷን በግራ እጄ ወደጎን ወስጄ፣ ሰዓቱን በቀኝ ይዤ፣ ለቀቅኩ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት፤ ሳላስበው ስለቅቃት "አንድ" አልኩ፣ ከዜሮ መጀመር ሲገባኝ። ሰረዝኩት፣ እንደገና። ሁለተኛው ላይ ኳሷ ክብ መዞር ጀመረች። ሰረዝኩት፣ እንደገና። ጮክ ብዬ ነበር የምቆጥረው። ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፄ ያስፈራኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላስፈራኝም።

ሦስት ደህና ልኬት አገኘሁ። አማካዩ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።

የቤተ ሙከራውን ኮምፒውተር ከፍቼ ፋይላችን ላይ ጻፍኩት። "የለካው ሰው" የሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ነጥቧ ብቅ አለች፤ ካንቺ አምስቱ ቀጥላ፣ ከመስመሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ብላ። እጄ ሰዓቱን ሲያቆም ዘግይቶ ነው። ትንሽ ዝቅ ላድርጋት ብል ማንም አያውቅም። ተውኳት።

ደወሉ ሲደወል ኳሷ አሁንም ትወዛወዝ ነበር። በመስኮቱ ልጆቹ ሲሮጡ፣ ሲጮሁ፣ ሲሰለፉ ይሰማኛል። በእጄ ላቆማት ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። እየጠበበች፣ እየጠበበች መጣች። ራሷ እስክትቆም ጠበቅኳት። ከዚያ ክሩን ፈታሁ፣ ኳሷን መደርደሪያው ላይ መለስኩ፣ መብራቱን አጥፍቼ ክፍል ገባሁ። አርፍጄ ነበር።